ለአባቴ፦ ስለ መረቡና ስለ ናክኔክ ወንዝ

ይድረስ ለውድ አባቴ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከአላስካ ተመልሼ ሲያትል ገብቻለሁ። የእጄ እብጠትም ጎድሏል፤ በስልክ ያልነገርኩዎት እንዳይጨነቁ ብዬ ነው።

በስልክ የጀመርነው ወሬ ሳያልቅ መስመሩ እየተቆረጠ፣ ሲሰማም እርስዎ «ምን አልሽ?» እያሉ፣ እኔ እየጮህኩ ጎረቤት ስንረብሽ ከምናመሽ መጻፉ ይሻላል አልኩ። የሚያነብልዎ ታናሼ ነው። (አንተ ደግሞ ስለ መረቡ የጻፍኩት ጋ ስትደርስ እንዳትዘል። ለአባባ ሙሉውን አንብብላቸው።)

ነገሩ ይህ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ የጉማራ ወንዝ ጣና የሚገባበት አፍ ላይ የሚጣል አዲስ የፕላስቲክ መረብ መግዣ ላኪ ብላችሁኛል። ገንዘቡን እልካለሁ፤ ለመረቡ ግን አይሆንም። አባቷን እምቢ ያለች ልጅ ሆኜ እንዳልቀር ምክንያቴን ይስሙኝ። ለዚህም በየዓመቱ የምሄድበትን አገር ማወቅ አለብዎት፤ እስካሁን «ፋብሪካ ነው» ብዬ ነው የማልፈው። ዓመተ ምሕረቱን የኛ ነው ካላልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ።

ከተማዋ ናክኔክ ትባላለች። አላስካ ውስጥ፣ ብሪስቶል ቤይ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር፣ የናክኔክ ወንዝ ባሕር የሚገባበት አፍ ላይ ናት። ከተማ ስልዎ ባሕር ዳርን እንዳያስቡ፤ በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 470 ሰው ነው፤ ለአንድ ደህና ሰርግ የሚጠራ ሰው አይሆንም። ከሌላ ከተማ የሚያገናኝ መንገድ የላትም። ያለችው አንዲት አስፋልት ወደ ላይ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳ ኪንግ ሳልሞን በሚባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታበቃለች። ሰው በአውሮፕላን ይመጣል፤ መኪናው፣ ሲሚንቶው፣ ዱቄቱ ከሲያትል በጭነት ጀልባ ይመጣል፤ ስለዚህ የሱቅ ዋጋ አይጣል ነው። ከወንዙ ማዶ ደቡብ ናክኔክ የምትባል ከእሷም ያነሰች መንደር አለች፤ በመካከላቸው ድልድይ የለም። የማዶዎቹ ልጆች ለዓመታት በትንሽ አውሮፕላን ወንዙን እየተሻገሩ ትምህርት ቤት ሲመላለሱ ኖረዋል። በ2016 በኛ አቆጣጠር አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ የላካችሁልኝን ፎቶ ለአንዲት የማዶ ሴትዮ ባሳያት «ለእኛም አንድ ላኩልን» ብላ አሳቀችኝ።

ውኃው እርስዎን ጉድ ያሰኝዎት ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ልዩነቱ ከስድስት ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ጠዋት ተንሳፍፎ ያዩት ጀልባ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ላይ ተጋድሞ ያገኙታል። አጥማጁ ሰዓት የሚያየው ለመብላት ሳይሆን ለሙላቱ ነው። አንዳንዱ በጀልባ ወጥቶ መረቡን ውኃው ላይ እየለቀቀ ይይዛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከነቤተሰቡ ዳርቻው ላይ ሰፍሮ መረቡን ከባሕሩ ዳር ይተክላል፤ ሲጎድል ወርዶ ይለቅማል። አያት፣ እናት፣ የልጅ ልጅ በአንድ መረብ ላይ ሲሠሩ አይቻለሁ።

ዓሣው ሶካይ የሚባል የሳልሞን ዓይነት ነው። የሚፈለፈለው ላይ፣ በናክኔክ ሐይቅና በገባሮቹ ጠጠር ውስጥ ነው። አንድ ሁለት ዓመት ሐይቁ ውስጥ ያድግና ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ባሕር ላይ ከርሞ ወደ ተወለደበት ውኃ ይመለሳል። ሲመለስ አካሉ ይቀላል፣ ራሱ አረንጓዴ ይሆናል፤ እንቁላሉን ጥሎ እዚያው ይሞታል። መንገድ ላይ ብሩክስ በሚባለው ፏፏቴ ድቦች ተሰልፈው ይጠብቁታል። የሚያልፈው ያልፋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባለው አጭር ጊዜ ነው፤ ጭንቁ በኛ ሰኔ 27 ግድም ነው። ያቺ ባዶ ከተማ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይጎርፍባታል። ፀሐይዋ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ትጠልቅና ሳይጨልም መልሳ ትወጣለች። እኛ የፋብሪካ ሠራተኞች በቀን 16 ሰዓት እንቆማለን። እኔ ያለሁት «ስላይም ላይን» የሚሉት ላይ ነው፤ ማሽኑ ሆዱን ከፍቶ የላከውን ዓሣ የቀረውን ደምና ልፋጭ በማንኪያና በውኃ ማጽዳት ነው። ብርዱ በሁለት ጓንት ያልፋል። ጣት ጠዋት አልታጠፍ ይላል። በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ የተሠራው በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ ለዚህ ነው ሁሉም ዓሣው እንዲበዛ የሚጸልየው። አጠገቤ የቆመው ኬንያዊ፣ ፊት ለፊቴ ሜክሲኳዊት፣ የማሽኑ አዛዥ ፊሊፒናዊ ነው። አባባ፣ የሰኔ ጾም ሥራ መካከል ነው የሚውለው። እንዴት እንደምጾም አይጠይቁኝ፤ እርስዎም ለጿሚ ዓሣ ሲሸጡ ነው የኖሩት።

እኛ የቆምንበት ቦታ ብዙ ሕዝብ ቆሞበታል። በብሪስቶል ቤይ የመጀመሪያው የሳልሞን ማሸጊያ በ1884 ተከፈተ፤ በናክኔክ ወንዝ ላይ ደግሞ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዓሣ በጨው የሚያቆዩ፣ ቀጥሎም በቆርቆሮ የሚያሽጉ ቤቶች ቆሙ። መጀመሪያ ዓሣውን የሚከፍቱት ቻይናውያን ነበሩ። ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ሕግ ሲወጣባቸው ጃፓናውያንና ፊሊፒናውያን ተተኩ። የሲያትል ሰው የዓሣ መክፈቻ ማሽን ሲሠራ በቻይናዎቹ መሰደቢያ ነው ስም ያወጣለት። መኝታና መመገቢያ በዘር የተለየ ነበር፤ ጉዳዩ በ1989 እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሠራተኞቹ አልቀናቸውም። የፊሊፒናውያኑን የሠራተኛ ማኅበር ከሙስና ለማጽዳት የታገሉት ሲልሜ ዶሚንጎና ጂን ቪየርነስ በ1981 እዚሁ ሲያትል፣ ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ዛሬ እኔ ከሁሉም ጋር በአንድ ገበታ መብላቴ በነፃ የመጣ አይደለም።

ከፋብሪካዎቹ በፊት አገሩ የዩፒክና የሱግፒያክ ሕዝቦች ነው፤ ልጆቻቸው ዛሬም አሉ። ሴቶቹ ኡሉ በሚባል ስለቱ ክብ በሆነ ቢላ ዓሣውን ሰንጥቀው በጭስ ቤት ይሰቅሉታል፤ የዓሣ ቋንጣ ነው። ያየሁት እጅ ሁሉ ከኛ ማሽን ይፈጥናል። ብዙ መከራም አይተዋል። በሰኔ 1912 ላይኛው አገር ኖቫሩፕታ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀኑን ሲያጨልመው የሳቮኖስኪ መንደር ሰዎች ቤታቸውን ጥለው በወንዙ ወርደው ታች ሰፈሩ። ከዚያ ሰባት ዓመት ሳይቆይ በሽታው መጣ። አያትዎ ያወሩልዎት የነበረው የኅዳር በሽታ ነው፣ ያው ራሱ። እኛ ዘንድ በ1911 በኛ አቆጣጠር ኅዳር ላይ የፈጀው በሽታ ብሪስቶል ቤይ የደረሰው በ1919 ጸደይ፣ የዓሣው ወቅት ሲከፈት ነው። ጎልማሳውን እየጣለ ሕፃናቱን ብቻቸውን አስቀረ። የፋብሪካ ሐኪሞች አስከሬን ሲያስቀብሩና ወላጅ አልባዎችን ሲሰበስቡ ከረሙ። እዚያ ማዶ ያለውን መቃብር ሳይ «ኅዳር ሲታጠን» የሚለው ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር፤ የሚታጠን ነገር ግን አልነበረኝም።

ደግሞ ይህን ቢሰሙ ደስ ይልዎታል። ሩሲያ አላስካን በ1867 ለአሜሪካ ሸጣ ብትወጣም ሃይማኖቷ እዚያው ቀርቷል። ናክኔክ ላይ የመጥምቁ ዮሐንስ ጸሎት ቤት አለ፤ ማዶ ደግሞ በቅዱስ መስቀል በዓል ስም የተሰየመች ትንሽ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን። በአሮጌው አቆጣጠር ስለሚሄዱ ገናን ከኛ ጋር ያከብራሉ፤ ያገሬው ሰው በዚያ ብርድ ኮከብ ይዞ ቤት ለቤት እየዘመረ ይዞራል። የመስቀላቸው በዓልም የሚውለው መስከረም 17 ነው፣ ልክ እንደኛው! መርጌታ ጎረቤታችን በኬልቄዶን ነገር እንዳይቆጡኝ ይንገሩልኝ፤ ደጁን ተሳልሜ ነው የተመለስኩት፣ ሌላ ነገር የለም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

በብሪስቶል ቤይ እስከ 1951 ድረስ ሳልሞን በሞተር ጀልባ ማጥመድ ክልክል ነበር። ሌላው ዓለም ሞተር ከለመደ በኋላ እነሱ ሁለት ሁለት ሆነው በሸራና በመቅዘፊያ ያንን ባሕር ይታገሉ ነበር፤ ብዙ ሰውም አልቋል። ጀልባውም መረቡም የፋብሪካው ነበርና ሞተሩ የተከለከለው ለዓሣው ታስቦ ብቻ አይመስለኝም። ከተፈቀደም በኋላ ጀልባው ከ32 ጫማ እንዳይረዝም የሚለው ደንብ ጸንቷል። የሆላንዶቹ ሞተር ጀልባ ጣና የገባው በ1978 በኛ አቆጣጠር አይደል? ያን ጊዜ «ዓሣው ያልቃል» ያሉ ሽማግሌዎችን ስትስቁባቸው እንደነበር ራስዎ ነግረውኛል።

ከናክኔክ ወደ ላይ ወንዙ በሚጠራበት ቦታ ከዚህም ከዚያም ዳር ማማ ተተክሏል። ማማው ላይ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ልጅ እግሮች፣ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ይቀመጣሉ። ሥራቸው የሚያልፈውን ዓሣ በዓይን መቁጠር ነው። በየሰዓቱ በእያንዳንዱ ዳር ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ይቆጥሩና በስድስት ያበዙታል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔም ሲነግሩኝ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ለናክኔክ ወንዝ የተወሰነው ከ800 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ዓሣ ነው፤ ያን ያህሉ ማንም ሳይነካው ወደ ላይ ወጥቶ መውለድ አለበት። ቁጥሩ በሚገባው ፍጥነት ካልሄደ ማጥመጃው አይከፈትም። ዓሣው በጀልባው ሥር እየዘለለ ቢያልፍም አይከፈትም። አጥማጁ ሬዲዮኑን ከፍቶ፣ ዕዳውን እያሰበ፣ እየተራገመ ይጠብቃል። ከዚያ «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት» ይባላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መረቡን ይጥላል። ደቂቃ የቀደመ፣ መስመር ያለፈ ይቀጣል።

በ1973 በብሪስቶል ቤይ የተያዘው ሶካይ 1 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም ነበር። የዚያን ጊዜው ጥፋት ከክፉ ብርድና ከባሕር ላይ የጃፓን መርከቦች ጭምር የመጣ ስለሆነ ሁሉን ለቆጠራው አልሰጥም። ግን በ2022 የመጣው 79 ሚሊዮን ነው። ከዚያ ውስጥ 60 ሚሊዮን ተይዞ የቀረው ወደ ላይ ወጥቶ ወለደ። ከ130 ዓመት በላይ ሲታጠም የኖረ ውኃ ነው፤ ከዓለም ሶካይ ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ናክኔክ ሀብታም ናት ብለው እንዳያስቡ ግን። በ1988 አጥማጁ ለአንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ግድም) ዓሣ 2 ዶላር ከ11 ሳንቲም ይከፈለው ነበር፤ በ2001 ወደ 42 ሳንቲም ወረደ። ኖርዌይና ቺሊ ሳልሞንን በባሕር በረት ማርባት ጀምረው ገበያውን ሞሉት። በ2023 ደግሞ፣ ዓሣው ከተትረፈረፈ በማግስቱ ዓመት፣ መነሻው 50 ሳንቲም ሆነና አጥማጆቹ ሥራ ፈተው በናክኔክ ወንዝ ላይ ጀልባ አሰልፈው ተቃወሙ። ሲያዩት ያሳዝናል፤ ጀልባው ዕዳ አለበት፣ ነዳጁ ውድ ነው። የማጥመጃ ፈቃድ ነገርም አለ። በ1973 በወጣው ሕግ የፈቃዱ ቁጥር ተወሰነ፤ ያን ጊዜ ሲያጠምድ ለነበረው ሰው ተሰጠው፣ ከዚያ እንደ ቤት የሚሸጥ የሚለወጥ ሆነ። ክፉ ዓመት ሲመጣ ያገሬው ሰው ሸጠው። ዛሬ ብዙው ፈቃድ ከሌላ ቦታ በሚመጣ ሰው እጅ ነው፤ ሰኔ ይመጣል፣ በሐምሌ መጨረሻ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። ለከተማዋ የሚቀርላት ከዓሣው ላይ የሚነሳው ግብር ነው። ቆጠራው ዓሣውን አቆየው፤ ከተማዋን ግን አላበለጸጋትም። እውነቱን ካልነገርኩዎት ደብዳቤው የሻጭ ወሬ ይሆናል።

ወደ ጉማራ እንምጣ። የኛ ነጭ ዓሣ እንደ ሳልሞኑ ወልዶ አይሞትም እንጂ ጠባዩ አንድ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሲደፈርስ ከጣና ተሰብስቦ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣል፤ ለመውለድ ነው። እርስዎ ለእኔ ያስተማሩኝ ነገር ነው። ተመራማሪዎች በ1991 እና በ2001 መካከል በባሕር ዳር በኩል መዝነው ነጭ ዓሣው በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል ብለዋል፤ ከምክንያቱም ዋናው ለመውለድ በወንዝ አፍ ሲሰበሰብ በመረብ መዘጋቱ ነው። ከነዚህ ዓሣዎች ዐሥራ አምስቱ ዓይነት ከጣና በቀር በዓለም ላይ የሉም። አዋጁም የለም እንዳንል፣ አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 በኛ አቆጣጠር ወጥቷል። የሚቆጥርና የሚቆጣጠር ነው የጠፋው።

«እኔ ብተወው ሌላው ያጠምደዋል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነዎት። ናክኔክ ላይም አንድ ሰው ብቻውን ቢታቀብ ጅል ይባላል፤ የሚያግደው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ሲዘጋ ብቻ ነው። ስለዚህ እርስዎ ብቻዎን ይራቡ አልልም። በአጥማጆቹ ማኅበር ስብሰባ ተነስተው ሲናገሩ የሚሰሙ ሰው ነዎት። «ነጭ ዓሣው በሚወጣበት ጊዜ የጉማራን አፍ ሁላችን እንተው፣ ሐይቁ ላይ ቀረሶና አምባዛ እንያዝ» ቢሉ ቢያንስ ይከራከሩበታል። ከእርስዎ ሲመጣ «አርጅቶ ነው» የሚል አይጠፋም፤ ይበል። ነገር ግን ያ የፕላስቲክ መረብ ሲጠፋም አይበሰብስም፣ ውኃ ውስጥ ሆኖ መያዙን ይቀጥላል፤ በእኔ ገንዘብ እዚያ ወንዝ አፍ ላይ እንዲገባ አልፈልግም።

ገንዘቡን ለምን እንደምልክ ልንገርዎ። ናክኔክ ላይ ዓሣውን እንደያዘ ደሙን አፍስሶ፣ በበረዶ ወይም በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ አድርጎ የሚያመጣ አጥማጅ ከሌላው የበለጠ ይከፈለዋል። ያው ዓሣ ነው፣ ያው መረብ ነው፤ ዋጋው ግን ይለያል። እናንተ ጠዋት የያዛችሁትን ታንኳው ወለል ላይ ፀሐይ እየመታው ስታመጡ፣ ነጋዴው ከሰዓት በኋላ «ላልቷል» እያለ ዋጋ ሲሰብርባችሁ ነው የማውቀው። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ፣ ብርድ የሚይዝ ሣጥን ግዙ። በረዶውን ለመጠጥ ቤቶች ከሚያቀርበው ሰው በየጠዋቱ እንድትወስዱ ታናሼ ይነጋገር። ቀረሶውን ከውኃ እንደወጣ እዚያ ውስጥ ካስገባችሁ ሆቴሎቹ በቀጥታ ይወስዱታል፤ መካከል ያለውን ደላላ እንኳ ትዘልላላችሁ። ዓሣ ቢያንስም ብሩ ላይ ያን ያህል አትጎዱም ብዬ አስባለሁ። የከረምኩበት ነገር ስለሆነ በግምት አይደለም የምናገረው።

ብሩ በዚህ ሳምንት በታናሼ ስም ይገባል። ከሱ ላይ የእርስዎ የዓይን መድኃኒት መጀመሪያ ይነሳ፤ ይህን ለሌላ ቀን አታሳድሩት። ስለ ማኅበሩ የሚያስቡትን በታናሼ ስልክ በድምፅ ቀድተው ይላኩልኝ፤ ቢቆጡም ይቆጡ፣ ግድ የለም። ለእማዬ ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ሹራቡ ጠበባት ወይ? ሣጥኑን ስትገዙ ደግሞ ክዳኑ ገጥሞ መዝጋቱን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩት፤ የላላ ክዳን ካለው ገንዘቡን እንዳትሰጡ።

ልጅዎ፣
ከሲያትል